ጉሬዛ የጠፋ ዕለት

ዳዲ መጋረጃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሼ ጉርሙ፣ እነሆ ጉሬዛ!» ብሎ ሲገልጠው፣ ከመጋረጃው ኋላ የተገኙት ባዶ የሲሚንቶ ወለልና አንዲት የደነገጠች ዶሮ ነበሩ።

ዶሮዋ የጎረቤት ናት፤ ከዝናብ ሸሽታ ነው የገባችው። ጉሬዛ ግን ባለ አራት ጎማ፣ በባትሪ የሚሄድ፣ አሥር ጆንያ ቡና ተሸክሞ ዳገት ይወጣል የተባለለት ፒካፕ ነበር። መቱ ከተማ ውስጥ የተገጣጠመ የመጀመሪያው፣ ለጊዜውም ብቸኛው።

ኢንስፔክተር አምባዬ ከሳጅን አቢጋኤል ጋር ሲደርስ፣ በዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተረጋጋችው ዶሮዋ ብቻ ነበረች። ዳዲ መጋረጃውን እንደ ሐዘንተኛ ትከሻው ላይ ጥሎ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ኢንስፔክተሩም ራሱ ደህና መልክ አልነበረውም፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ቀኝ ትከሻውን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንዳች ቁርጥማት ይዞት እያሻሸ ነው። ደግነቱ በመቱ ክረምት የሚያጠራጥረው ጭቃ የሌለበት ሱሪ ነው። ሳጅን አቢጋኤል ከኋላው ሆና ጃኬቱን አየት አደረገችና ዓይኗን ቶሎ መለሰች።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ጠዋት። ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ።»

«መኪናውን?»

«ለወጉ መኪና ይባል እንጂ ልጄ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጋሼ ጉርሙን ልቀበል መናኸሪያ ሄድኩ፣ አውቶቡሱ ዘገየ፣ መጡ፣ ቁርስ በላን። የምናሳየው ነገ ነበር፤ እኔ ግን አላስችል አለኝና...» መጋረጃውን በእጁ ጨመደደው።

ጋሼ ጉርሙ የዳዲ መሣሪያ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። የያዮ ሰው ናቸው፤ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሊቀመንበር። የረጠበ ካፖርታቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ መፋቂያቸውን ከጥርሳቸው ሳያወጡ ነው የሚናገሩት።

«እኔ አርባ መኪና ላዝ ነው የመጣሁት» አሉ። «አንዱን ማየት አልቻልኩም። አንድ መኪና መጠበቅ ያቃተው ልጅ አርባ ይሠራል ብዬ ለገበሬው እንዴት አፌን ሞልቼ እነግረዋለሁ? ነገ ከሰዓት በኋላ በደሌ ቀጠሮ አለኝ። ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። እስከዚያ ከተገኘ ተገኘ። ካልተገኘ በያለንበት ሰላም ያግባን።»

ዳዲ መሬት መሬት አየ። ኢንስፔክተሩ ገባው። ይህ ውል ከቀረ ይህ ቆርቆሮ ቤት ተመልሶ የቡና መጋዘን ይሆናል፤ ዳዲም ሁለት ዓመት ያለመውን ሕልም አጣጥፎ እንደ ጋሼ ጉርሙ ካፖርት ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።

«እስኪ ስለ መኪናው ንገረኝ» አለው፣ ለማጽናናት ያህል።

ስህተት ነበር። ዳዲ ስለ መኪናው ሲጠየቅ እንደ ሶር ፏፏቴ ነው፤ አንዴ ከለቀቀ ገዳቢ የለውም። «የነዳጅ መኪና ማስገባት ቆሟል አይደል? ባለ ባትሪው የሚመጣው ደግሞ የአስፋልት ልጅ ነው። የያዮን መንገድ ቢያይ ገና ከመግቢያው ላይ ያለቅሳል። የዳሪሙን ገበሬ ማን አሰበው? ጆንያውን በአህያ፣ አህያው ሲያልቅ በትከሻ! ለቡና ገበሬ የሚሆን ፒካፕ የሚሠራ ማንም የለም። ማንም! ገበያው ባዶ ነው፣ ኢንስፔክተር!»

«ቤቱም ባዶ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ፣ ዘበኛው ጋሼ ኩማ ጋ፣ ዬሮሳን ጋ። ዬሮሳን ሽሪኬ ናት፤ የኤሌክትሪኩን ነገር ሁሉ የሠራችው እሷ ነች። ትናንት ቀለሙን ቀብታ ስትጨርስ ለነገው ዝግጅት ልብስ ላምጣ ብላ ጎሬ ወደ እናቷ ሄዳለች። እንዳልደውልላት መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄዷል።»

«ባትሪውስ ሙሉ ነበር?»

ዳዲ ወደ ጋሼ ጉርሙ ሰረቅ አድርጎ አየና «ትንሽ... ፈዘዝ ብሏል» አለ ቀስ ብሎ።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ወለሉን መረመረ። ከጥግ በኩል የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ አለ። ዬሮሳን መኪናውን እንደ ስሙ ልታደርገው አስባ ነው፤ ጉሬዛ ጦጣ ገላው ጥቁር፣ ጭራው ነጭ አይደለም? ጥቁር የነበረውን የኋላ ስፖንዳ ትናንት ነጭ ቀብታዋለች። ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ነጭ ጠብታ ኢንስፔክተሩ በጣቱ ነካው። አልደረቀም። በዚህ ዝናብ እንኳን ቀለም ሰውም አይደርቅ።

ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። «ሳጅን፣ ነገሩ አልቋል። መኪናውን የነካ ሰው ሁሉ ነጭ ቀለም ነክቶታል። ነጭ ቀለም ያለበትን ሰው ፈልጊልኝ፤ ሌባችን እሱ ነው!»

ሳጅን አቢጋኤል አፏን ከፈተች፤ የሆነ ነገር ልትል አሰበች፤ ከዚያ አለቃዋን አክብራ ዘጋችው።

ጋሼ ኩማ በሩ ላይ፣ ጃንጥላቸው ሥር ቆመዋል። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ሰው ሲያናግራቸው ዛሬም ተረከዛቸውን ያጋጫሉ።

«ጋሼ ኩማ፣ ጠዋት ከዚህ በር ተነስተዋል?»

«እኔ? ከበር? ይኼ በርና እኔ አንድ ላይ ነው ያረጀነው።»

«መኪና ሲወጣስ አላዩም?»

«መኪና ቢወጣ እሰማ ነበር። ታንክ ጠብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«ይኼኛው ድምፅ የለውም እኮ።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ድምፅ ከሌለው ታዲያ ምኑን ልጠብቀው?»

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ ሲል ዓይኑ የሽማግሌው ቀኝ ትከሻ ላይ አረፈ። መዳፍ የሚያህል ነጭ ነገር አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ጋሼ ኩማ አንገታቸውን አጣመው አዩት። «ዕድሜ ይሆናል።»

«ዕድሜ ካፖርት ላይ አይወጣም! ቀለም ነው!»

ሽማግሌው ተረከዛቸውን አላቀቁ። «እሺ። ዝናቡ ሲጠና ሁስና ጋ አንድ ሻይ ብዬ ወጥቻለሁ። ግን ቆልፌ ነው! ቁልፉም ይኸው! የቀለሙን ነገር ግን ዱጋዳ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን አጠበበ። ሽማግሌው ብቻቸውን መኪና አይሰርቁም፤ ግብረ አበር አለ። «ወደ ሁስና!» አለ።

የእትዬ ሁስና ሻይ ቤት ከከተማው ወደ ሶር ወንዝ በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው። ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ የሚያለቅስበት ነው። ጫፉ ላይ ከተደረሰ ግን እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለት ነው።

«እትዬ ሁስና፣ ዛሬ ጠዋት ድምፅ የሌለው መኪና በዚህ አልፏል?»

«አላለፈም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ በእኔ ደጅ የሚያልፍ መኪና ከእኔ አስቀድሞ ለብርጭቆዎቼ ነው የሚናገረው» አሉ መደርደሪያውን እያሳዩ። «የጭነት መኪና ሲመጣ እየጨፈሩ ጫፍ ይደርሳሉ። ለባጃጅ ያጉረመርማሉ። ዛሬ ከጠዋቱ አውቶቡስ ወዲህ እንቅልፍ ላይ ናቸው።»

«እዚህ ማን ማን ነበር?»

«በዚያ ዝናብ ማን ያልነበረ አለ? መምህሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ኩማ... ሁሉም ተሰብስበው የሰው ሥጋ ሲበሉ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ወጥተን ተመለስን።»

«ለምን ወጣችሁ?»

«ኧረ ለማይረባ ነገር» ብለው ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

ኢንስፔክተሩ ለማይረባው ነገር ጆሮ አልሰጠም፤ ዓይኑ ማንቆርቆሪያው ላይ ተተክሏል። እጀታው ላይ ነጭ የጣት አሻራ አለ!

«እጅዎን ያሳዩኝ፣ እትዬ ሁስና።»

«ቀለበት ልታደርግልኝ ነው?» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉለት። ነጭ ነው። ኢንስፔክተሩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ክንዱን ቶሎ ጠረጴዛው ሥር ከተተ፤ እሱም ነጭ ነው። መምህሩ ሁለቱንም እጁን አነሳና «የእኔ ጠመኔ ነው!» አለ።

«ዛሬ ትምህርት አለ እንዴ? ክረምት ነው እኮ!» አለችው ሳጅን አቢጋኤል።

መምህሩ እጁን አገላብጦ አየ። ጠመኔ አለመሆኑን ገና አሁን ማወቁ ነበር።

ውጪ ሲወጡ ኢንስፔክተሩ እያንሾካሾከ ነው የሚያወራው። «ሳጅን፣ ይኼ ሌብነት አይደለም። ይኼ ሤራ ነው። ዘበኛው፣ ሻይ ሻጯ፣ ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ... ከኋላቸው አንድ ጭንቅላት አለ። ጉሬዛ ቢጠፋ የሚጠቀመው ማን ነው?»

«ነዚፍ ነው» አለች ሳጅኗ ሳታስበው። «ግን ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት—»

«በኋላ!»

ነዚፍ የናፍጣ ፒካፖች ባለቤት ነው። ከያዮ ጫካ የሚወጣ ቡናና ማር በእሱ መኪና ካልሆነ አይወርድም። ባለፈው ሳምንት ሆቴል ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት «የዳዲ ጉሬዛ እንደ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ይቀመጥ፣ መንገዱን ለእኛ ይተውልን» ማለቱን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ሲደርሱበት ግቢው ውስጥ የአሮጌ መኪናውን ኮፈን ከፍቶ፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ነበር።

«ብያለሁ» አለ፣ ሳይክድ። «ወላሂ ዛሬም እላለሁ። ግን ሰርቄው ምን ልሁን? ቤቴ የሚሰካበት ቦታ ቢፈለግ የሚስቴ ምድጃ የተሰካበት ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ነቅዬ መኪና ልሰካ?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ዳገቱ ላይ። መንገድ ተዘግቶ ቆሜ፣ ከዚያ ወርጄ—»

«መዳፍህን አሳየኝ!»

ነዚፍ መዳፉን ዘረጋ። ናፍጣው ጠርዙን አደብዝዞታል እንጂ ነጩ አለ። ግንባሩም ላይ አለ።

«ከየት እንደነካኝ አላውቅም! በሳሙና እምቢ፣ በናፍጣ እምቢ! ምን ዓይነት ነገር ነው እሱ?»

«ማስረጃ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ በኩራት። «ተነሳ፣ ጣቢያ እንሄዳለን።»

አንድ ችግር ነበር። የጣቢያው መኪና ነዳጅ የለውም፤ እነሱም በእግራቸው ነው የመጡት። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። ተጠርጣሪው አዘነላቸው። «እኔ በመኪናዬ ላድርሳችሁ እንጂ ምን ቸገረኝ» አለ። እንዲህ ሆነና ተጠርጣሪው መሪ ይዞ፣ ፖሊሶቹን አሳፍሮ፣ ራሱን ወደ ጣቢያ ይወስድ ጀመር።

ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከእትዬ ሁስና ደጅ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ጸጥ አለች።

«ባትሪዋ ደክሟል» አለ ነዚፍ። «ውረዱ፣ ጫፍ ከደረሰች በቁልቁለቱ ትነሳለች።»

ኢንስፔክተር አምባዬ ወረደ። ምንም ሳያስብ ወደ ኋላ ዞረ፤ እግሩን ጭቃው ውስጥ ተከለ፤ ጎንበስ አለና ቀኝ ትከሻውን ስፖንዳው ላይ አሳረፈ።

ስፖንዳው ያ ቁርጥማት ከጠዋት ጀምሮ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ልክ ገጠመ።

ኢንስፔክተሩ እንደጎነበሰ ቀረ። ከሻይ ቤቱ በኩል የእግር ኮቴ ሰማ፤ ማንም ሳይጠራቸው መምህሩ መጣ፣ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ጋሼ ኩማ ከበራቸው ተነስተው መጡ፣ እትዬ ሁስና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ኩማ በቀኝ ትከሻ፣ ሁስና በመዳፍ፣ ልብስ ሰፊው በክንድ። ነዚፍም ከመሪው ወርዶ፣ የበሩን ጠርዝ ይዞ፣ ግንባሩን እንደ በሬ ዝቅ አደረገ።

«ግፋ! ግፋ! በለው!» አሉ እትዬ ሁስና።

«ቁሙ!» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሁሉም ቆሙ። ነዚፍ ዘሎ ፍሬኑን ረገጠ።

«ሳጅን» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ቀና ሳይል። «ቅድም ልትነግሪኝ የነበረው ምንድን ነው?»

ሳጅን አቢጋኤል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጃኬትዎ ላይ፣ ከትከሻዎ ኋላ፣ ነጭ ነገር አለ። ጠዋት ነው ያየሁት። የወፍ ነገር መስሎኝ... ላሳፍርዎ አልፈለግኩም። በኋላ ግን 'ነጭ ያለበት ሁሉ ሌባ ነው' ሲሉ፣ ይበልጥ ቸገረኝ።»

ኢንስፔክተሩ እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ።

«ጠዋት እዚህ ጋ መኪና ገፍተናል» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ። «ሥራ ልገባ ስመጣ። ከኋላው በቀር ሸራ የለበሰ። አይደለም?»

«ገፍተናል» አሉ ሁሉም።

«የማን ነበር?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመቱ ከተማ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ገፊ እስከዛሬ አልተፈጠረም። የቆመ መኪና ይገፋል። የማን ነው ተብሎ አይገፋም፤ የማን ነው ተብሎም አይተውም።

«እትዬ ሁስና፣ መኪና አላለፈም አላሉኝም?»

«ያ'ኮ መኪና አይደለም፣ ችግር ነው» አሉ እትዬ ሁስና። «ለማይረባ ነገር ወጣን አልኩህ፤ አንተ ማንቆርቆሪያዬን ታያለህ።»

«እኔም መንገድ ተዘግቶብኝ ወርጄ ገፋሁ ልልህ ነበር፤ መዳፍህን አምጣ አልከኝ» አለ ነዚፍ። «ከማዶ የመጣው አውቶቡስ እንኳ ማለፊያ አጥቶ ቆሞ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ገፍቷል!»

ጋሼ ኩማ ጃንጥላቸውን ዘጉ። ዝናቡ እየወረደባቸው ነው፤ አልተሰማቸውም። «ማለት» አሉ፣ «እኔ የምጠብቀውን መኪና ራሴ ገፍቼ አስወጣሁት?»

«ጥቁር ሆኖ ነበር የሚያውቁት፣ ጋሼ ኩማ» አለቻቸው ሳጅኗ። «ነጩ ትናንት ነው የተቀባው።»

«ሾፌሩን ያየ አለ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ገፊ ሾፌር ያያል እንዴ? ገፊ የሚያየው መሬት ነው» አለ መምህሩ።

«እኔ እጇን አይቻለሁ» አሉ እትዬ ሁስና። «የዝናብ ልብስ ከነቆቡ ለብሳ፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ እጇን አውጥታ አመሰገነችን። የመዳብ አምባር አድርጋለች።»

«ዬሮሳን!» አሉ ጋሼ ኩማ። «አምባሩ የእሷ ነው! እኔ ሻይ ልጠጣ ስሄድ ከጎሬ ተመልሳ ገባች ማለት ነው!» ግቢው ወደ መንገድ ያዘነበለ ነው፤ ፍሬኑን ከለቀቁት መኪናው ራሱ ወጥቶ ዳገቱ ሥር ይቆማል።

ኢንስፔክተሩ ወደ ዳገቱ ጫፍ አየ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ፤ ባትሪው «ፈዘዝ» ያለ መኪና፤ ከቁልቁለቱ በታች ሶር፣ ሶር ዳር የኢክረማ ወፍጮ። የኢክረማ ወፍጮ መብራት አይለምንም፤ ውሃው የሚያዞረው የራሱ ዲናሞ አለው።

«የተራበ ወዴት ይሄዳል?» አለ ኢንስፔክተሩ ለራሱ። «ምግብ ወዳለበት። በሉ፣ መጀመሪያ ይችን እንግፋ።»

ወፍጮ ቤቱ በዱቄት ጭጋግ ተሞልቶ ይጮኻል። ገበሬዎች በረጅሙ ተሰልፈዋል። ከቤቱ ኋላ፣ ከነጭ ጭራው ጋር፣ ጉሬዛ ቆሟል፤ ወፍራም ገመድ ከሆዱ ወጥቶ በመስኮት ወደ ውስጥ ይገባል። ዬሮሳን ዱቄት ለብሳ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች።

ኢንስፔክተሩን ስታይ ተነሳች። «ዳዲ ላከዎት?»

«የላከኝ ዳዲ ሳይሆን የዳዲ ክስ ነው። ሌባ ነሽ።»

«እኔ?» አለችና ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ሳቁ ጠፋ። «ከፍቶ አየው? ለነገ ነው ብሎ ምሎልኝ ነበር እኮ!»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ነግሬዋለሁ! ባትሪው ባዶ ነው አልኩት፣ መብራት ይመጣል አለኝ። ኢክረማ ጋ እንውሰደው አልኩት፣ ጉሬዛ በከተማው መሃል ተገፍቶ አያልፍም፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ በደሌ ይደርሳል አለኝ። ጎሬ ሄጄ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በጠዋት መጥቼ ሸራ አለበስኩት። ማንም ሳያውቅ እስከ ምሳ ሰዓት ሞልቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ዛሬ የገበያ ዋዜማ ነው!» አለ ኢክረማ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፤ ሽፋሽፍቱ ሁሉ ነጭ ነው። «ወፍጮው ሲፈጭ ዲናሞው ለመኪናዋ የሚተርፈው የለም። ሰው ተሰልፎ ለመኪና ላብላ? ቅድሚያ ለሰው፣ ከዚያ ለጉሬዛ። ሰልፉ ሲያልቅ ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣ።»

ሳጅን አቢጋኤል የኢክረማን ነጭ እጅ አየችና ወደ አለቃዋ ዞረች።

«ዱቄት ነው» አለ ኢንስፔክተሩ በደከመ ድምፅ። «ተይው።»

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ተንፈስ አለ። ጉሬዛ ጭራውን አስተካክሎ፣ አሥር ጆንያ ቡና ተጭኖ፣ ቆርቆሮ ቤቱ ደጅ ቆሟል። ዳዲ ክራቫት አስሯል። ኢንስፔክተሩን ጥግ ይዞ እየለመነው ነው።

«ሌባ ሰርቆት ነበር በልልኝ። ከጫካ አገኘሁት በል። ተገፍቶ ነው የሄደው ካልክ አለቀልኝ! ሰው የሚገፋው መኪና ማን ይገዛል?»

«ሌባ ነው ካልኩ ሌባ ማምጣት አለብኝ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ማንን ላምጣ? ዬሮሳንን?»

ዳዲ ክራቫቱን አላላ።

ጋሼ ጉርሙ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሩት። «ተገኘ» አሉ። «ማን ነው የወሰደው?»

ዳዲ «ሌ...» ብሎ ጀመረ። ወደ ዬሮሳን አየ። የቀረውን ፊደል ዋጠው።

ኢንስፔክተሩ ግን የጋሼ ጉርሙን ካፖርት እያየ ነበር። ቀኝ ትከሻው ላይ፣ ደርቆ፣ እንደ ማዕረግ ምልክት የተቀመጠ ነጭ ነገር አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ ጉርሙ» አለ፣ «እርስዎ ነዎት።»

ጋሼ ጉርሙ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«እርስዎ፣ እኔ፣ ዘበኛው፣ ነዚፍ፣ መምህሩ፣ ግማሽ መቱ። ትናንት ጠዋት አውቶቡስዎ ዳገቱ ላይ አልቆመም? ወርደው አልገፉም? እሱ ነው የገፉት። ባትሪው አልቆ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዬሮሳን ወንዙ ዳር ወስዳ ልትሞላው ነበር። ሌባ የለም። ያለው ይኸው ነው።»

ዳዲ ዓይኑን ጨፈነ።

ጋሼ ጉርሙ አንገታቸውን አዙረው ትከሻቸውን አዩ። ከዚያ ስፖንዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ የሚያውቁትን ከብት እንደሚነኩ።

«እኔ» አሉ፣ «በዚህ አገር የገባ መኪና ሁሉ ሲበላሽ ገፍቻለሁ። ገፍተን ገፍተን፣ መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ ዕቃ ይላል። ዕቃው አዲስ አበባ ነው ይላል። ቡናው መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ይኼስ? ምን ነበር የሆነው?»

«ምንም አልሆነም» አለች ዬሮሳን። «ርቦት ነው።»

«ምን በላ?»

«የሶርን ውሃ።»

ጋሼ ጉርሙ መፋቂያቸውን መልሰው ጎረሱ። «የራበው ታመመ አይባልም» አሉ። «ወንዝ ደግሞ እኛ አገር ሞልቷል። ክፈቺልኝ፣ ልግባ።» በሩን ይዘው ወደ ዳዲ ዞሩ። «አንተ ግን፣ ልጅ፣ 'ሌ' ያልከውን አልጨረስክም። ጎሽ። ጨርሰኸው ቢሆን በደሌ ነበርኩ።»

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ከተማው ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ጉሬዛ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ፤ ወጣ፤ እትዬ ሁስና ደጅ ደረሰ፤ ብርጭቆዎቹ እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። እዚያው፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ጭነቱን እንደተሸከመ ቆመ።

ጋሼ ጉርሙ ናቸው ዬሮሳንን አቁሚ ያሉት፤ ከቆመበት ይነሳ እንደሆነ ሊያዩ። ሕዝቡ ግን ይህን አያውቅም። ሕዝቡ የሚያውቀው መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ድምፁ ከጠፋ ምን እንደሚደረግ ነው። መምህሩ ሮጠ፣ ልብስ ሰፊው ሮጠ፣ ጋሼ ኩማ ጃንጥላቸውን ጥለው ሮጡ፣ ነዚፍ ተፎካካሪነቱን ረስቶ ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ሮጠ። ኢንስፔክተር አምባዬም ራሱን ያገኘው ትከሻውን አዘጋጅቶ እየሮጠ ነው።

«ሂን ቱቂና! ማንም እንዳይነካው!» ብለው ጮኹ ጋሼ ጉርሙ በመስኮቱ።

ሁሉም እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ለመቱ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም፤ የቆመ መኪና እያዩ እጅን መሰብሰብ! እትዬ ሁስና ከንፈራቸውን ነከሱ። ነዚፍ ግን አልቻለም፤ ቀስ ብሎ ግንባሩን ወደ ስፖንዳው አስጠጋ፤ እሱን አይቶ ኩማ፣ ኩማን አይቶ ኢንስፔክተሩ...

ጉሬዛ ትንፍሽ ሳይል ሄደ።

የተደገፈበትን ያጣ ሰው ሁሉ በፊቱ ጭቃው ላይ ተነጠፈ። ኢንስፔክተሩ ቀና ሲል ነጩ ጭራ የዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሷል። በመስኮቱ የጋሼ ጉርሙ እጅ ወጣ፤ አምስት ጣት ተዘርግቶ።

ጋሼ ኩማ ጭቃቸውን ሳይጠርጉ እጃቸውን አውለብልበው ሰላምታውን መለሱ።

«ሰላምታ ነው?» አለች ሳጅን አቢጋኤል፣ አለቃዋን ክንዱን ይዛ እያነሳች። ብቻዋን ቆማ የቀረች እሷ ነበረች።

ዳዲ ከኋላ እየሮጠ ደረሰ። ጣቶቹን ቆጠረ። አርባ አይደለም። ግን ክራቫቱ ዞሮ ጀርባው ላይ ሆኖ፣ እንደ ልጅ እየዘለለ «አምስት አዘዙ! ለመጀመሪያው አምስት!» እያለ ይጮኻል።

«እንግዲህ» አለች ሳጅኗ፣ «መዝገቡ ላይ ተጠርጣሪ ማን እንበል?»

ኢንስፔክተር አምባዬ ዙሪያውን አየ። ከእሷ በቀር አንድም ንጹሕ ሰው አልነበረም።

«አንቺን እንዳልል» አለ ጭቃውን ከቅንድቡ እየጠረገ፣ «አንቺ ብቻ ነሽ ያልገፋሽው።»